ባሕራ ላይ የወረደው ሱፍ

ማሚቴ ዘንጉን በሁለት እጇ ይዛ ሱፉን ከበርሜሉ ስታወጣው ገና አረንጓዴ ነበር። ኒላ የሚሉት ማቅለሚያ ጠባዩ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሳለ እንደ ጎመን ያረነጉድና ነፋስ ሲያገኘው ዓይን እያየ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ክሩን ገመድ ላይ ሰቅላ መልኩን ሲቀይር ቆማ ማየት ትወድ ነበር። ዛሬ ግን አልተመቻትም። ከደረጃው በኩል የወንድ ሳል ሰምታ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች።

“ያ ሀፍሳ፣ ልውጣ?”

የአሠሪዋ የማማ ኸይሪያ ልጅ አብዱልረሕማን ነው። መካ ውስጥ አስተማሪ ነው፤ ወደ ሰገነቱ ሳይስል ወጥቶ አያውቅም።

“ይውጡ፣ ባባ።”

ወጣና የተሰቀሉትን ክሮች ጎንበስ ብሎ እያለፈ አጠገቧ መጣ። ሰፈሩ ሊፈርስ ነውና ታች ያለው የውጭ ግድግዳ ላይ ማዘጋጃዎቹ በቀይ ቀለም “ይልቀቁ” ብለው ከጻፉ ወዲህ ፊቱ ላይ ድካም አይጠፋም። በኒ ማሊክ በሚባለው የጅዳ ሰፈር ውስጥ የጎረቤቶቹ ቤቶች ግማሾቹ ባዶ ሆነዋል። በሮቻቸው ተነቃቅለው ተወስደዋል፤ በየመስኮቱ ርግብ ይገባል ይወጣል።

“ሐሙስ ጠዋት መኪናው ይመጣል” አላት። “መካ ያለው ክፍል ተቀብቶ አልቋል። ያንቺም አልጋ ከእናቴ ክፍል ጎን ነው፤ ሌሊት ስትነሳ እንድትሰሚያት ብዬ። መስኮት ሁሉ አለው።” ፈገግ አለ። “ስንቱ መካን አንዴ ለማየት ሲመኝ ይኖራል። አንቺ ይኸው ልትኖሪባት ነው።”

“ሐዲር፣ ባባ” አለች፤ እሺ ማለቷ ነው።

እሱ ወርዶ እስኪሄድ ጠበቀች። ከዚያ የበርሜሉን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

መካ ክርስቲያን አይገባባትም። ማሚቴ ደግሞ የመንዝ ክርስቲያን ናት። ሀፍሳ የሚለውን ስም ያወጣላት አዲስ አበባ ያለ ደላላ ነው፤ “ሳዑዲዎቹ እስላም ነው የሚፈልጉት፤ ስም ምን አለው፣ ተመልሰሽ ስትመጪ ያንቺው ነው” ብሎ ፓስፖርቷ ላይ አስጻፈው። እሷም ያኔ ልጅ ነበረች፤ ቶሎ የምትመለስ መስሏት ነበር። ዓመቱ ዓመትን ወለደና ሀፍሳ ሲሉ አቤት ማለት ለመደች። ረመዳንን ከቤተሰቡ ጋር ትጾማለች። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋለች፤ እዚያ ምን እንደምትል የሚያውቀው ፈጣሪዋ ብቻ ነው።

የሌላ ቤት ሠራተኛ ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል አትቆይም ነበር። ያቆያት ሱፉ ነው። ማማ ኸይሪያ በባላቸው ሞት ማግስት የጀመሩት ትንሽ ንግድ ነበራቸው። ከጣኢፍ ተራሮች የሚመጣ የበግ ሱፍ አጥበው፣ ፈትለው፣ በኒላና በሮማን ልጣጭ እያቀለሙ ይሸጣሉ። ጅዳ ብርድ የሚባል ነገር እምብዛም የላትም፤ ቢሆንም ጥቅምት ገብቶ ያ ከባድ እርጥብ ሙቀት ከላይዋ ሲነሳ፣ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ማታ ማታ መጋረጃ ሲያነሣ፣ ሴቶቹ ሹራብና ሻል ይናፍቃሉ፤ የብርዱን ወራት በረሃ ድንኳን ተክለው የሚያሳልፉትም ወፍራም ክር ያዛሉ። የሙቀቱን ወራት ሁሉ የሚክሰው ይህ ወቅት ነው።

ማሚቴ በመጣች በመጀመሪያው ጥቅምት ሰገነቱን እንድትጠርግ ተልካ ወጣች። ሱፉ ታጥቦ ተዘርግቶ ነበር። ሽታው ገና በሩ ላይ ተቀበላት፤ የእናቷ ቤት ሽታ። መንዝ ውስጥ ዝናቡ ሲያባራና ሜዳው ሲጠነክር በግ ይሸለታል። ሱፉ በደጋን ይነደፋል፤ ሴቶቹ ገበያ ሲሄዱ እንኳ እንዝርታቸውን እያሾሩ ነው የሚሄዱት። እናቷ ወደ መሐል ሜዳ ገበያ ስትወጣ ባዶ እንዝርት ይዛ ወጥታ፣ ሙሉ ልቃቂት ይዛ ትደርስ ነበር። ያን ሁሉ ሰፈሩ ያለው ሸማኔ ባና ያደርገዋል፤ ባናውን አራት ሆነው ይለብሱታል፤ ጫፍ የደረሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲጎትት ያድራል።

ማሚቴ መጥረጊያውን ጣለች። ጥግ የተቀመጠውን የማማ ኸይሪያን እንዝርት አንሥታ ከሱፉ ቆንጥራ ፈተለች። ክሩ ሲረዝም እንባዋም አብሮ ወረደ። ማማ ኸይሪያ ደረጃው ላይ ቆመው ሲያዩዋት ቆይተው ኖሯል። አልተቆጡም። ሄደው ሌላ እንዝርት አመጡና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ የቤቱን ሥራ ሌላ ተመላላሽ ሠራተኛ ያዘችው፤ ሁለቱ ሱፉን ያዙ።

ከሰዓት በኋላ ማሚቴ የደረቀውን ክር በከረጢት ይዛ ሸረፊያ ወደሚባለው ሰፈር ሄደች። እዚያ አባያ የሚሰፋበት ሱቅ ውስጥ የወሎ ወረባቦ ልጅ ፈቲያ ትሠራለች። እውነቱን ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዷ ናት። ፈቲያ ጥቁር ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስትቀድ አገኘቻት።

“ሐሙስ? ወላሂ?”

“ሐሙስ።”

“ታዲያ ምን አልሽው?”

“ሐዲር አልኩት። ምን ልበል?” ማሚቴ ከረጢቱን መሬት አስቀምጣ ኩርሲ ላይ ተቀመጠች። “ፈቱ፣ አንድ ነገር አስቤአለሁ። ኒቃብ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ ብገባ ማን ያውቃል? የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ኢቃማዬ፣ ሀፍሳ ነው የሚለው። ስንቱ ገብቶ የለ?”

ፈቲያ መቀሱን አስቀመጠች።

“ማሚ፣ ስሚኝ። ሀፍሳ ስትባዪ አንድ ቀን ክፉ ተናግሬሽ አውቃለሁ? አላውቅም። እንጀራ ነው፣ ገብቶኛል። በዚህ ግን አትምጪብኝ። መካ ለኔ የዱንያ ነገር አይደለም። ሐረም ነው፣ የተቀደሰ ምድር። በውሸት ግቢበት ብዬ ብመክርሽ ነገ እኔው ምን ብዬ እሰግዳለሁ?”

ማሚቴ ፊቷ ጋለ። “ልክ ነሽ። እኛም ጋ መቅደስ እንዲሁ ዘው ተብሎ አይገባም። ጨንቆኝ ነው የዘባረቅኩት።”

“አብሽሪ፣ አልተቀየምኩም። ንገሪያቸው።”

“ይሄን ሁሉ ዓመት ስትዋሸኝ ኖረች ቢሉስ?”

“ይላሉ። ከዚያስ?”

“ከዚያማ ኹሩጅ ነው።”

ኹሩጅ ማለት የመጨረሻው መውጫ ቪዛ ነው፤ ሄደው የማይመለሱበት።

“ቢሆንስ? ሀገርሽ እኮ ነው፤ ጀሀነም አይደለም” አለች ፈቲያ።

ማሚቴ የከረጢቱን አፍ አጥብቃ አሰረች። ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ያለው፣ እንግዳ የሚባለው ወንድሟ ደውሎላት ነበር። ጥቅምት ስለሆነ በጎቹ ተሸለቱ ወይ ብላ ጠየቀችው። ሳቀባት። “የምን በግ? እናታችን ካረፈች ወዲህ ማን በግ ያረባል? ባና የሚሠራም የለ። ብርድ ልብስ እንደሁ ከሱቅ ነው፤ ቀላል፣ አበባ አበባ ያለው፤ ደግሞ ከባና ይሞቃል” አላት። እሷም አብራው ሳቀች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን፣ ሀገሬ ብላ ይዛው የኖረችው ነገር አንዱ ክንዱ የተቆረጠ ሆኖ ተሰማት።

ስትመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች። ምድር ቤት ያለው የሱፍ ክፍል በካርቶን ተሞልቷል። ማማ ኸይሪያ መስኮቱ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሱፍ ይፈትላሉ። ጣቶቻቸው በሪህ ተጣመዋል፤ እንዝርት ሲይዙ ግን ለዚሁ ሲባል የተጣመሙ ይመስላሉ።

“ነይ፣ ተቀመጪ” አሏት። “ይህቺን እንጨርሳት።”

ተቀመጠችና የራሷን እንዝርት አነሣች። ሁለቱ እንዝርቶች ጎን ለጎን ሾሩ።

“እኔ መካ ነው የተወለድኩት፤ ነግሬሽ አውቃለሁ አይደል?” አሉ ማማ ኸይሪያ። “እናቴ በዚህ ወቅት ሰገነታችን ላይ እየፈተለች ለሐጃጆች ሻል ትሠራ ነበር። ከቡኻራ፣ ከጃዋ፣ ከናንተም ሀገር የመጣ ሁሉ ይገዛት ነበር። የዚያ ቤት ቦታ ዛሬ ሆቴል ነው። የቱ ጋ እንደነበር ልጄን ጠይቄው እሱም አላወቀውም። እንግዲህ ተመልሼ የምሄደው ቤቴ ወደሌለበት ከተማ ነው።”

“ልጅዎ አሉ፤ የልጅ ልጆችዎ አሉ፣ ማማ።”

“አልሐምዱሊላህ።” እንዝርቱን አቆሙት። “አንቺ ግን ልብስሽን አላሰርሽም። ሁሉን አስረሽ ያንቺን ሻንጣ ብቻ አልነካሽውም።”

የማሚቴ ክር በጣቷ መካከል ተበጠሰ። ልትቀጥለው ጫፉን ፈለገች።

“ማማ፣ እኔ…”

“ተይው። እኔ ልጀምርልሽ። አንቺ ስትጀምሪ ታለቅሺያለሽ፣ ከዚያ የምትዪውን አልሰማም።” ወደ መስኮቱ ዞሩ። “የኒላውን በርሜል ክዳን ስታነሺ እጅሽ ግንባርሽን ይነካል፤ ከዚያ ደረትሽን፤ ከዚያ ትከሻና ትከሻሽን። አንቺ ይሄን ማድረግሽን የምታውቂው አይመስለኝም። ከረመዳን ውጭ ደግሞ በዓመት አንዴ ለብዙ ሳምንት ወተት አይስማማኝም፣ ሥጋ አስጠልቶኛል ትያለሽ። ጎረቤታችን የነበሩት የሶሪያ ክርስቲያኖችም እንዲሁ ያደርጋቸው ነበር።”

ውጭ አንድ የጭነት መኪና የጎረቤቱን የፈረሰ ብረት እያንኳኳ አለፈ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?” አለች ማሚቴ በሹክሹክታ።

“ከሁለተኛው ዓመት።”

“ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?”

“ብጠይቅሽ ትዋሺኝ ነበር። ውሸት በአፍሽ እንድታወጪ ማድረግ አልፈለግኩም።”

አሁን ማሚቴ ገባት። ቤተሰቡ ለዑምራ መካ በሄደ ቁጥር “ሀፍሳ ትቅር፣ ሱፉ ብቻውን አይተውም” የሚሉት እሳቸው ነበሩ። እሷ ሰበብ ለመፈለግ ሌሊት ስትገላበጥ አድራ ጠዋት ሰበቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ነበር፤ ዕድሏን ታመሰግን ነበር እንጂ ሰው ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም። ደስ ሊላት ሲገባ ተናደደች።

“እኔ እኮ በፋሲካ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ እንቁላል ቀቅዬ በልቻለሁ” አለች። “እናቴ የሞተች ጊዜ በጸሎቴ መሐል ሰው ይሰማኛል ብዬ ትራስ ነክሼ ነው ያለቀስኩት። አውቃለሁ ቢሉኝ ምን ነበረበት?”

ማማ ኸይሪያ አንገታቸውን ደፉ። “እውነትሽን ነው። ፈርቼ ነው። ካወቅኩ ለልጄ መንገር ሊኖርብኝ ነው፤ ከነገርኩት ትሄጃለሽ። ሳላውቅ መኖር ይሻለኝ ነበር።” ግድግዳውን ዳሰሱ። “ይሄ ቤት ከኔ በኋላ የሚፈርስ መስሎኝ ነበር።”

ማሚቴ ጎንበስ ብላ የተበጠሰውን ክር ጫፍና ጫፉን ምራቅ ነክታ አገናኘችው።

“ስምሽ ማነው?” አሏት አሮጊቷ።

“ማሚቴ።”

“ማ-ሚ-ቲ።” ደጋግመው አሉት። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። “ማማና ማሚቲ! ማን የማን እናት እንደሆነ ሰው አያውቅም እኮ።”

ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ። ሲረጋጉ ማማ ኸይሪያ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው መከሩ። “መካ ይዤሽ አልገባም፤ አላህን እፈራለሁ። ለልጄ ሀገሬ ልግባ አለች እለዋለሁ። ትኬቱን ይቆርጥልሻል። ወገንሽ ጋ ግቢ። በቃ፣ ኸላስ።”

“እሺ” አለች ማሚቴ። የእሺታዋ ቅለት ራሷን አስደነገጣት።

ሐሙስ ዕቃው ጭነት መኪና ላይ ተጫነ፤ ማማ ኸይሪያ ሰገነት ላይ የሚቀመጡበት ወንበርም መጨረሻ ላይ ወጣ። የሱፉ ነገር ግን ጣጣ ነበረው። ባሕራ የምትባለው በጅዳና በመካ መካከል፣ ከሐረሙ ክልል ውጭ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ የማማ ኸይሪያ ባል ጥለውት ያለፉት ግቢ አለ፤ የጣኢፉ ነጋዴ በየመጸው ሱፉን የሚያራግፈው እዚያ ነው። ቤቱ ይፈርሳል ከመባሉ በፊት የታዘዘው ሱፍ መጥቶ ግቢው ውስጥ ተቆልሎ ነበር። አብዱልረሕማን ለሌላ ነጋዴ ሊሸጠው አስቧል። ማሚቴ እስከዚያ ድረስ አብራቸው ሄዳ የሱፉን ዓይነት ለይታ ለነጋዴው ታስረክባለች፤ ከዚያ ወደ ጅዳ ተመልሳ ኹሩጁ እስኪያልቅ ፈቲያ ጋ ትቆያለች። የተባለው ይህ ነበር።

ቀን ላይ በአብዱልረሕማን መኪና ባሕራ ደረሱ፤ ጭነት መኪናውም ተከትሎ ቆመ። ግቢው ዝቅ ያለ አጥር፣ አንድ ትልቅ የግራር ዛፍና ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ውስጥ ሽማግሌው ሱዳናዊ ጠባቂ ከሚስቱ ጋር ይኖራል፤ ሌላው ባዶ ነው። ነጋዴው አልመጣም፤ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ እመጣለሁ ብሎ ደውሏል። ማሚቴ አንዱን ጆንያ ፈታች። እጇን እስከ ክርኗ ስትከትተው ውስጡ እርጥብ ነው። ካልተዘረጋ በሁለት ቀን ውስጥ ይሻግታል። ለማንም ሳትናገር ጠባቂውን ጠርታ ሸራ አስነጠፈችና መዘርጋት ጀመረች። ነፋሱ ከተራራው በኩል ይመጣል፤ ከጅዳው የባሕር ነፋስ ይልቅ ደረቅ ነው፤ ለሱፍ የተመቸ።

ቀና ስትል ማማ ኸይሪያን አየቻቸው። መኪናው ውስጥ በሩን ከፍተው ተቀምጠዋል። እጃቸው ባዶ ነው። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ግን የአባያቸውን ጫፍ ይዘው ያሾራሉ፤ ያሾራሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ያሾራሉ። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። የሚያደርጉትን አያውቁትም።

ማሚቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ አብዱልረሕማን ሄደች።

“ባባ፣ ከዚህ እናንተ ቤት ሩቅ ነው?”

“ምን ሩቅ አለው? የያዝሽው ሻይ ሳይበርድ ይደረሳል።”

“እንግዲያው እኔ እዚህ ልቅር። ሱፉንም አይሽጡት።”

ግራ ገብቶት አያት። “እዚህ? ሀገሬ ልግባ አላልሽም እንዴ? ደግሞ ከቀረሽ አይቀር ለምን መካ ከኛ ጋር አትመጪም?”

ማማ ኸይሪያ መኪናው ውስጥ ሆነው አፋቸውን ከፈቱ። ማሚቴ ቀደመቻቸው።

“ክርስቲያን ነኝ፣ ባባ። ስሜም ማሚቴ ነው።”

አብዱልረሕማን መነጽሩን አወለቀ። በመጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እናቱን አየ።

“እኔን አትየኝ” አሉ እናቱ። “የተናገረችው እሷ ናት።”

“ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ” አለ ቀስ ብሎ፤ ከአላህ በቀር ኃይል የለም ማለቱ ነው። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። “ልጆቼ ቁርኣን ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ክር ስትጠቀልዪ… አንድ ቀን እንኳ…” አልጨረሰውም። “ወረቀቱስ? ኢቃማውስ? ይሄ ምን ያህል ጣጣ እንዳለው ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ።”

ከመስጊዱ የቀትሩ የዙህር ሶላት አዛን ተሰማ። አብዱልረሕማን ዞሮ ወደ መስጊዱ ሄደ። ሁለቱ ሴቶች ቀሩ። ማሚቴ ወደ ሸራው ተመልሳ ሱፉን መዘርጋት ቀጠለች። ከመስጊድ ሲመለስ “ግቢ መኪና ውስጥ፣ ጅዳ ልመልስሽ” ሊላት ይችላል። የባሰም ሊያደርግ ይችላል። ማማ ኸይሪያ ነፋሱ ያነሣው ቁራጭ ሱፍ መኪናው በር ላይ ሲያርፍ ይዘው በጣታቸው አፍታቱት።

ተመለሰ። ካልሲውን አድርጎ፣ ለውዱእ የጠቀለለውን እጅጌ ሳያወርድ፣ ባዶውን ክፍል ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ። ግድግዳውን መታ መታ አደረገ።

“አምፖሉ ተቃጥሏል” አለ። “ሽቦውም አሮጌ ነው። ሰው እልካለሁ።” ከዚያ ወደ እሷ ሳያይ ጨመረ፤ “የኢቃማሽን ነገር የሚያውቅ ሰው እጠይቃለሁ። ቀላል አይሆንም። ምናልባት አንድ ቀን የግድ ሀገርሽ ገብተሽ በራስሽ ስም መመለስ ይኖርብሽ ይሆናል።”

“በራሴ ስም እመለሳለሁ” አለች ማሚቴ።

አብዱልረሕማን የማቅለሚያ በርሜሉንና የእሷን ሻንጣ ከጭነት መኪናው ላይ አወረደ። ሸራውን መልሶ ሊያስር ገመዱን ሲስብ ማሚቴ እጇን አነሣች።

“ይቆዩ፣ ባባ። የማማን ወንበርም ያውርዱልኝ።”

“ወንበሩን? እሷ እዚያ በምን ላይ ትቀመጣለች?”

“መካ ወንበር አይጠፋም።”

ገመዱን እንደያዘ ወደ እናቱ ዞሮ ጠበቀ። ማማ ኸይሪያ የግቢውን ጥላ አየት አደረጉ።

“ዛፉ ሥር አድርጉት” አሉ። “በሩ አጠገብ ከሆነ ፀሐይ ያገኘኛል።”